ሰማያዊ ኮት የለበሰው ጥንቸልና ሠዓሊቲቱ

በዛሬው ዘመን ሕፃናት ከመጽሐፍ ገጽ አስቀድመው በመጫወቻ መደብር መስኮት የሚያውቋቸው፣ መልካቸው በስኒና በሳሕን፣ በአልጋ ልብስና በደብተር ሽፋን ላይ የሚታተም የምናብ ፍጡሮች እጅግ ብዙዎች ናቸው። የዚህ ሰፊ ንግድ ሥረ መሠረት በጥንቃቄ ሲመረመር ግን፣ ከቀዳሚዎቹ መካከል የሚገኘው አንዲት እንግሊዛዊት ወይዘሪት በገዛ እጇ ቀዳና ሰፍታ ወደ መንግሥት መዝገብ ያቀረበችው የጨርቅ ጥንቸል ነው። ሠዓሊቲቱ ቢያትሪክስ ፖተር ትባላለች፤ ጥንቸሉም ፒተር ነው። ስለ እርሷ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጻሕፍቷን ጣዕም አወድሰው አሻንጉሊቱን እንደ ትርፍ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ሥዕሉንም አሻንጉሊቱንም የወለደው ያው አንድ ዓይን፣ ያው አንድ ትዕግሥት መሆኑን በማመን፣ የአሻንጉሊቱን ነገር ከታሪኳ መካከል አኑሬ መተረክ እወዳለሁ።

ቢያትሪክስ ፖተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ከተማ፣ ኬንዚንግተን በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ተወለደች። አባቷ ሕግ የተማረ፣ ነገር ግን በሙያው እንጀራ ለማግኘት ያልተገደደ ሰው ነበር፤ የቤተሰቡ ሀብት የተከማቸው አያቷ በጥጥ ጨርቅ ላይ የጌጥ ሥዕል በሚያትምበት ፋብሪካ ነውና። በዘመነ ቪክቶሪያ ልማድ ወንድሟ በርትራም ወደ ትምህርት ቤት ሲላክ፣ እርሷ ከቤት ሳትወጣ በሞግዚቶች እጅ ተማረች፤ ጓደኞቿም ጥንቸሎች፣ አይጦች፣ ጃርቶች፣ እንሽላሊቶችና የሌሊት ወፎች ነበሩ። ሁለቱ ወንድምና እኅት እነዚህን እንስሳት ይመግባሉ፣ ይሥላሉ፣ ሲሞቱም ሥጋቸውን ቀቅለው ከአጥንቱ ከለዩ በኋላ አጽማቸውን መልሰው እየገጣጠሙ ይመረምሩ ነበር። ይህን ነገር አንዳንድ ሰው ቢሰቀጥጠው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የሥዕሏ ኃይል ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው። ሌሎች የዘመኑ ሠዓልያን የሰውን አካል ሥለው የእንስሳ ራስ ሲቀጥሉበት፣ የፖተር ጥንቸል ግን ኮት ለብሶ በሁለት እግሩ ቢቆምም ከኮቱ ሥር ያለው ትከሻ፣ ወገብና ጭን የእውነተኛ ጥንቸል ነው። በታሪኩም ውስጥ ጫማው ጠፍቶበት በአራት እግሩ ሲሮጥ፣ በኋላም ኮቱ በመረብ ተይዞ ሲቀርበት፣ አንባቢው የሚያየው የሜዳውን አውሬ ስለ ሆነ፣ ለውጡ ፈጽሞ አያስደነግጠውም።

ይህ የመመርመር ፍቅር ወደ እንጉዳይ ጥናትም አድርሷት ነበር። በ1897 ዓ.ም. ስለ እንጉዳይ አበቃቀል የጻፈችው ጥናት ለለንደኑ የሊኒያን የሥነ ፍጥረት ማኅበር ሲቀርብ፣ ሴቶች ከጉባኤው እንዲገኙ ስላልተፈቀደ በሌላ ሰው አንደበት ቀረበ እንጂ እርሷ ከአዳራሹ አልገባችም።

ፒተር በወረቀት ላይ የተወለደው ከዚህ ከአራት ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1893 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 4 ቀን፣ ቤተሰቧ በስኮትላንድ በዳንኬልድ አጠገብ በሚያርፍበት ወራት፣ የቀድሞ መምህርቷ የአኒ ሙር ልጅ፣ የአምስት ዓመቱ ኖኤል፣ በሕመም ተኝቶ ነበርና ልታጽናናው ደብዳቤ ጻፈችለት። የምትነግረው አዲስ ነገር ስላጣች፣ ስለ አራት ትንንሽ ጥንቸሎች ተረት እያወራች በመስመሮቹ መካከል በቀለም ብዕር ሥዕል ጣለችበት፤ ከአራቱም አንዱን እርሷ ራሷ ታሳድገው በነበረው፣ ደወል መደወልና መዝለል በለመደው ጥንቸሏ ስም ፒተር አለችው። የእናቱን ትእዛዝ ተላልፎ ወደ ሚስተር ማክግሬገር የጓሮ አትክልት የገባው፣ በልቶ ጠግቦ የተሳደደው፣ ከሞትም ለጥቂት አምልጦ ወደ ቤቱ የተመለሰው ይህ ፒተር ነው። ልጁ ደብዳቤውን ሳይጥል ማቆየቱ ታላቅ ነገር ሆነ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ሠዓሊቲቱ ተውሳው መጽሐፍ ለማድረግ ችላለችና።

አሳታሚዎች ግን እንቢ አሏት። ቢያንስ ስድስት ያህሉ የእጅ ጽሑፏን መለሱላት፤ እርሷም መጽሐፉ በሕፃን እጅ የሚያዝ ትንሽ፣ ዋጋውም ልጆች የሚችሉት ርካሽ እንዲሆን በያዘችው አቋም ጸንታ፣ በ1901 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር በራሷ ገንዘብ 250 ቅጅ አሳተመች። ከዚህ በኋላ ፍሬድሪክ ዋርን የተባለው የለንደን አሳታሚ ድርጅት ሥዕሎቹ በሙሉ ባለ ቀለም እንዲሆኑ ተስማምቶ በ1902 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር አወጣው፤ የመጀመሪያው እትም 8,000 ቅጅ መጽሐፉ ገና ለገበያ ሳይቀርብ ተሽጦ አለቀ።

እዚህ ላይ ሌላ ደራሲ ቢሆን የድርሻውን ገንዘብ እየተቀበለ ዐርፎ በተቀመጠ ነበር። ፖተር ግን በ1903 ዓ.ም. መጨረሻ ከጠረጴዛዋ ላይ አቡጀዲ ዘርግታ፣ ፒተርን በመቀስ ትቀድደው ጀመር፤ የአያቷን ሀብት ያስገኘው የጥጥ ጨርቅ በልጅ ልጇ እጅ ጥንቸል ሲሆን ማየት ልብን የሚነካ ነገር ነው። ሥራዋን የአሳታሚውን ድርጅት ከሚመሩት ወንድማማቾች ታናሽ ለሆነው ለኖርማን ዋርን በደብዳቤ እያስረዳች፣ የፊቱ ገጽታ እንዳማረላት፣ ጢሙንም ከብሩሽ ላይ እየነቀለች እንደ ተከለችለት በደስታ ጻፈችለት። የቀረው ችግር የመቆም ነገር ነበር፤ በሥዕል ላይ ሠዓሊው የአጥንቱን ሚዛን ካወቀ ጥንቸል በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ጨርቅ ግን ይወድቃል። ስለዚህ በእግሮቹ ውስጥ የአረር ፍሬዎች ሰፋችበት፤ ጥንቸሉም ክብደቱ ወደ ታች ሆኖለት ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚሁ ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን አሻንጉሊቱ በለንደን የፈጠራ ባለቤትነት መዝገብ ቤት በስሟ ተመዘገበ።

ይህ ምዝገባ ከስስት የመጣ የሚመስለው ሰው፣ በባሕር ማዶ የሆነውን ይመልከት። አሳታሚው የመጽሐፉን መብት በአሜሪካ ሳያስመዘግብ በመቅረቱ፣ በዚያ አገር ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ሰዎች ያለ ፈቃድ ያትሙት ጀመር፤ ለባለቤቲቱም አንዲት ሳንቲም አልደረሳትም። በዚህ የተጎዳችው ፖተር ከዚያ ወዲያ የምታወጣው ነገር ሁሉ በሕግ እንዲጠበቅ በብርቱ ትከታተል ነበር፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግባት የመልኩ መበላሸት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ለልጆች ክፍል ግድግዳ የሚሆነውን የወረቀት ንድፍ ራሷ ሠርታለችና ነው፤ በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ማክግሬገር ፒተርን በአትክልቱ ስፍራ የሚያሳድድበትን የገበታ ጨዋታ ነደፈች። ይህ ጨዋታ በሌላ እጅ ተሻሽሎ ለገበያ የበቃው ብዙ ዘግይቶ፣ በ1919 ዓ.ም. ነበር።

አሻንጉሊቱን በብዛት የሚሠራ እንግሊዛዊ ባለፋብሪካ ማግኘት ግን አልተቻላትም። በዚያን ዘመን ከጀርመን አገር በርካሽ ዋጋ የሚገባው መጫወቻ የለንደኑን አሻንጉሊት ሠሪዎች ከሥራ አስወጥቶ ነበርና። በ1910 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ይህች ከፖለቲካ ርቃ የኖረች ሴት በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዲጣል የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችን በእጇ እየሣለች አሰራጨች።

ከኖርማን ዋርን ጋር ስለ ጢምና ስለ አቡጀዲ የተጀመረው ደብዳቤ ወደ ፍቅር አድጎ፣ በ1905 ዓ.ም. ጁላይ ወር ለጋብቻ ጠየቃት። ወላጆቿ ነጋዴ ነው ብለው ናቁት፤ የጥጥ ነጋዴ የልጅ ልጅ የሆነችው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጃቸው ግን ቀለበቱን አጠለቀች። አንድ ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ኖርማን በኦገስት 25 ቀን በደም ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት፣ ከመጻሕፍቷ ባገኘችው ገንዘብና ከአክስቷ በወረሰችው ጥቂት ሀብት፣ በሰሜን እንግሊዝ ሐይቆችና ተራሮች በሚበዙበት አገር ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ ገዛች። ያላገባች ሴት ልጅ የወላጆቿ ጥገኛ ሆና እንድትኖር በሚጠበቅበት ማኅበር ውስጥ፣ የመጀመሪያ እርሻዋን የገዛላት አንድ ኮት የለበሰ ጥንቸል መሆኑን ሳስብ፣ የእነዚያን አሳታሚዎች እንቢታ ታግሣ መጽናቷን አደንቃለሁ። በ1913 ዓ.ም. የመሬት ግዢዎቿን ሲያስፈጽምላት ለነበረው የአገሩ የሕግ ሰው ለዊልያም ሂሊስ ተዳረች፤ ከዚያ ወዲህ ከብሩሽ ይልቅ በጎች ይበልጥ ጊዜዋን ወሰዱት።

ይሁንና በ1917 ዓ.ም. የአሳታሚው ድርጅት መሪ ሃሮልድ ዋርን፣ የኖርማን ወንድም፣ በሐሰተኛ ሰነድ ተከሶ በታሰረ ጊዜ፣ ድርጅቱ ሊፈርስ ደረሰ፤ ለእርሷም ያልተከፈለ ብዙ ገንዘብ ነበረባቸው። እርሷ ግን አልከሰሰችም። የዓይኗ ብርሃን ደክሞ ነበርና ቀድሞ ከሣለቻቸው ሥዕሎች አዲስ መጽሐፍ አዘጋጅታ ሰጠቻቸው፤ ለመጫወቻና ለዕቃ የሚሆን ፈቃድም እየሰጠች ድርጅቱ በእግሩ እንዲቆም ረዳች።

በ1927 ዓ.ም. በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር ያለ መሬት ለቤት ሥራ ሊሸነሸን ነው በተባለ ጊዜ፣ ፒተርን እንደ ገና ጠራችው። ከመጽሐፉ ሥዕሎች ሃምሳ ቅጅ በእጇ ሥላ ፈርማ፣ በቦስተን ከተማ ለሚታተም ስለ ሕፃናት መጻሕፍት የሚጽፍ መጽሔት ላከች፤ አሜሪካውያን አንባቢዎች ገዝተው ገንዘቡ ለመሬቱ ማዳኛ ዋለ። ያለ ፈቃድ ታትሞ ምንም ካላስገኘላት አገር፣ ጥንቸሉ በዚህ መንገድ ድርሻውን አመጣ።

በ1943 ዓ.ም. ዲሴምበር 22 ቀን ስታርፍ፣ ከ4,000 ኤከር የሚበልጥ መሬት፣ በእኛ ልክ አርባ ጋሻ ያህል፣ ከነእርሻዎቹና ከነጎጆዎቹ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር አወረሰች። በኑዛዜዋ በተራራው ላይ የሚሰማሩት በጎች ሄርድዊክ የተባለው የአገሩ ንጹሕ ዝርያ ብቻ እንዲሆኑ አዘዘች። የመጻሕፍቷን መብት ግን ከእነዚህ ለየች፤ ባለቤቷ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲጠቀምበት አድርጋ፣ ከእርሱ በኋላ ለኖርማን ዋርን የእኅት ልጅ እንዲተላለፍ ጻፈች።