«ኦፕን ሶርስ ነው» የሚለውን ቃል ማን ያረጋግጣል?

አንድ ሶፍትዌር «ኦፕን ሶርስ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ኮዱ እንደሚታይና ገንዘብ እንደማይጠየቅበት ነው። ሁለቱም አይበቁም። ኮዱን አውርዶ ማንበብ የሚቻል፣ ሳንቲም የማይከፈልበት፣ ኦፕን ሶርስ ግን ያልሆነ ሶፍትዌር ሞልቷል። ወሳኙ ከኮዱ ጋር የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የፈቃዶችን ጽሑፍ እየመረመረ የኦፕን ሶርስን መመዘኛ ያሟላሉ ወይስ አያሟሉም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ በካሊፎርኒያ የተመዘገበ፣ ለትርፍ ያልቆመ አንድ ድርጅት ነው፤ ኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭ ይባላል።

ድርጅቱ የተወለደው በ1998 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ኔትስኬፕ የኢንተርኔት ብራውዘሩን ኮድ ለሕዝብ እንደሚለቅ አስታውቆ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓሎ አልቶ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ለዚህ አሠራር ስም ሲፈልጉ «ኦፕን ሶርስ» የሚለውን ያቀረበችው ክሪስቲን ፒተርሰን ናት። ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፔረንስ ወዲያው ድርጅቱን አቋቋሙ። መመዘኛውን ከባዶ መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ፔረንስ በ1997 ዴቢያን ለተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያረቀቀው መመሪያ ነበርና፣ የዴቢያንን ስም አውጥተው ለሁሉም እንዲሆን አደረጉት።

ዛሬ መመዘኛው አሥር ነጥቦች አሉት። ኮዱ መሰጠት አለበት፤ ማሻሻልና የተሻሻለውን ማሰራጨት መፈቀድ አለበት፤ ፈቃዱ አብሮት በሚሰራጭ ሌላ ሶፍትዌር ላይ ግዴታ መጫን የለበትም። ብዙ ፈቃዶች የሚወድቁት ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው ነጥብ ነው፤ በሰው ወይም በቡድን ላይ ልዩነት ማድረግ አይቻልም፣ በሥራ ዘርፍም ላይ እንዲሁ። «ለትምህርት ይፈቀዳል፣ ለንግድ አይፈቀድም» የሚል ፈቃድ ገና ከዚህ ላይ ይወድቃል።

ስድስተኛው ነጥብ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚያሳየው የጄሰን ፈቃድ ነው። ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2002 ያወጣው ይህ ፈቃድ ከታወቀው የኤምአይቲ ፈቃድ የሚለየው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ለበጎ ሥራ እንጂ ለክፉ እንዳይውል ታዛለች። ሐሳቡን የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ክፉውን ማን ይወስናል? አንዱ አገር ወንጀል የሚለውን ሌላው መብት ይለዋል፤ የኩባንያ ጠበቃም ፍርድ ቤት ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ዴቢያን ይህን ፈቃድ ነፃ አይደለም ብሎ ሲመልሰው፣ የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2016 በፕሮጀክቶቹ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ውሳኔያቸው ትክክል ነው እላለሁ። ኦፕን ሶርስን የምንተማመንበት ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ፣ ለማንኛውም ሥራ ልናውለው ስለምንችል ነውና።

አዲስ ፈቃድ የጻፈ ሰው ጽሑፉን ለድርጅቱ ያቀርባል፤ ሕግ አዋቂዎችና ፕሮግራመሮች በአደባባይ ይተቹታል፤ በመጨረሻ ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል። በቅርብ ዓመታት ብዙ ያከራከረው ሞንጎዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያ በጥቅምት 2018 ያወጣው ኤስኤስፒኤል የተባለ ፈቃድ ነው። ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት አገልግሎት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው የዳታቤዙን ኮድ ብቻ ሳይሆን፣ አገልግሎቱን የሚያስተዳድርበትን፣ የሚቆጣጠርበትንና መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥበትን ሶፍትዌር ኮድ ሁሉ እንዲለቅ ያስገድዳል። የክላውድ ኩባንያዎች የሰው ልፋት ወስደው ያተርፋሉ የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው። መልሱ ግን አንድን የሥራ ዘርፍ ለይቶ የሚመታ ሆነ። ሞንጎዲቢ ማመልከቻውን በመጋቢት 2019 አነሣ። ኢላስቲክ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2021 ይህንኑ ፈቃድ ሲወስድ ኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭ ኤስኤስፒኤል ኦፕን ሶርስ አለመሆኑን በግልጽ ተናገረ። ሬዲስ የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያም በ2024 ተከተለ፤ በ2025 ግን ኤጂፒኤል የተባለውን የጸደቀ ፈቃድ ጨምሮ ተመለሰ። ኩባንያ በሥራው ላይ ገደብ የማድረግ መብት አለው። ስህተቱ ገደቡን አድርጎ ስሙን ይዞ መቀጠሉ ነው።

ስሙን ይዞ መቀጠል ደግሞ ቀላል ነው፤ «ኦፕን ሶርስ» የሚለውን ቃል በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተደረገው ሙከራ ስላልተሳካ ማንም እንደፈለገ ይጠቀምበታል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መስክ የሚታየው ይኸው ነው። ሜታ በ2023 ላማ 2 የተባለውን የቋንቋ ሞዴሉን ኦፕን ሶርስ ብሎ ሲያወጣ፣ ፈቃዱ በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያለው ድርጅት ከሜታ ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዝ ነበር። ይህ በድርጅቶች መካከል ልዩነት ማድረግ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ማስታወቂያውን ትቶ ከኮዱ ጋር ወደተቀመጠው የፈቃድ ፋይል መሄድ ነው። እዚያ የተጻፈውን ስም ከነቁጥሩ ወስዶ ኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭ ካጸደቃቸው ፈቃዶች ዝርዝር ጋር ማመሳከር፤ ከዚያ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ። «አፓቺ 2.0» ተብሎ ከሥሩ «ኮመንስ ክሎዝ» የሚባል አንቀጽ ከተጨመረበት መሸጥ ተከልክሏል ማለት ነውና ኦፕን ሶርስ አይደለም። የሶፍትዌሩ ስሪትም ይታይ፦ ሬዲስ 7.2 በጸደቀው በቢኤስዲ ፈቃድ የወጣ ነው፣ 7.4 ግን አይደለም።

ክልከላ ያለበት ፈቃድ ሁሉ ይወድቃል ማለት ግን አይደለም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት የወጣበት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ይከለክላል። ሆኖም ጸድቋል፤ መመዘኛው የሚጠይቀው ከሌላ ሶፍትዌር ጋር አንድ ላይ አድርጎ መሸጥ እንዳይከለከል ነው፣ ይህን ደግሞ ፈቃዱ ይፈቅዳል። ቃል በቃል ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ ኮዱ የወጣው በሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ 2.0 ነው፤ የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በቢኤስዲ። ሁለቱም ፈቃዶች የጸደቁ ናቸው። ለመሥሪያ ቤታችሁ ሶፍትዌር የምትገዙ ወይም የምታስገነቡ ሁሉ፣ ሻጩ ኦፕን ሶርስ ነው ካላችሁ የፈቃዱን ስምና ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁት፤ ከዝርዝሩ ጋር ሳታመሳክሩም ውሉን አትፈርሙ።