የአፈር ግድብን ስለ መጠበቅ

ውኃ ለሚጠብቀው ሰው አገልጋይ፥ ለሚዘነጋው ግን ጠላት ነው። በሆሳዕናና በሐዲያ፥ በከምባታም ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በምሥራቅ በብላቴ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከፊሉም በምዕራብ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ይሄዳል። ገበሬው ከዚህ ውኃ ጥቂቱን በአፈር ግድብ አቁሮ በበጋ ድንቹንና ጎመኑን ቢያጠጣበት ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን ግድቡ ተመረቀ ማለት ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም።

የአፈር ግድብ ይልቁንም በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው፥ ውኃው በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። ይህም የሚሆነው የትርፍ ውኃው መውጫ በደለልና በቁጥቋጦ ሲደፈን፥ ወይም ሰዎች ብዙ ውኃ እናጠራቅማለን ብለው በድንጋይ ሲዘጉት ነው። ሁለተኛው፥ ውኃው በግድቡ ሆድ ውስጥ መንገድ ሲያገኝ ነው። የፍልፈል ጉድጓድና በግድቡ ላይ የበቀለ የዛፍ ሥር ይህን መንገድ ይከፍቱለታል። ከግርጌው የሚሰርገው ውኃ ጥቂትና የጠራ ሲሆን ዘወትር እየተመለከቱ መጠበቅ ይበቃል፤ ደፍርሶ ቢወጣ ግን የግድቡን አፈር እያጠበ ነውና፥ ሳይውሉ ሳያድሩ መዝጊያውን ከፍቶ ውኃውን ማጉደል፥ በታች ያለውንም ሕዝብ ማስነሣትና መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል።

ግድቡ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኬንያ አገር በሶላይ አንድ የእርሻ የአፈር ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. በጳጉሜን በሊቢያ የደርና ከተማ ግድቦች ፈርሰው ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ እነዚያ ግድቦች እድሳት እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። በአገራችንም ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ ከተሠሩት ትናንሽ ግድቦች ብዙዎቹ ሳይፈርሱ በደለል እየሞሉ ጥቅማቸው ቀንሷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ትጋት ነው። ሹማምንት ለየግድቡ ኃላፊነቱ የታወቀ ጠባቂ ሊሾሙለትና የሚያየውን የሚጽፍበት መዝገብ ሊሰጡት ይገባል። በልግና ክረምት ሳይገቡ መውጫው ይጠረግ፤ ስንጥቁና ጉድጓዱ በሸክላ አፈር ተሞልቶ ይደልደል፤ ችግኙ ሳያድግ ይነቀል፤ ከብትም በግድቡ ላይ አይነዳ፤ ሣር ብቻ ይብቀልበት። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን ካልተሠራለት ግን ደለሉ በየዓመቱ ይመለሳል።

ካህናትም ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው ሲያስተምሩ፥ መልካም የተሠራውም ቢሆን ጠባቂ ካጣ እንደሚወድቅ ለሕዝቡ ቢያስረዱ ሥራቸው ፍሬ ያፈራል። ግድቡን የሚያቆመው መሐንዲስ ነው፤ የሚያኖረው ግን ከሥሩ የሚኖረው ሕዝብና የተሾመለት ጠባቂ ነው።