ሰውን በልብሱና በሥራው አይቶ አሳቡን ስለ መፍረድ

ሰው የሰውን ልብ ማየት ስላልተሰጠው በዓይኑ በሚያየው ነገር ይመራል። የሚያየውም ልብስ፣ ጢም፣ አነጋገር፣ የእንጀራ ሥራና የሚውሉበት ቦታ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ስንኳ ወደ እሴይ ቤት በገባ ጊዜ የበኩሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ የሚቀባው እርሱ መሰለው። ነቢይ ከተሳሳተ ዘንድ የእኛ የጸሐፊዎችና የሹማምንት መሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀውስ ሳሙኤል ወዲያው ሲታረም እኛ ግን ስሕተታችንን በመዝገብ ጽፈን፣ ማኅተም አትመንበት ማስቀመጣችን ነው። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ይህን ልማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በፖለቲካ ምን እንደሚያስብ እርሱ ሳይናገር፣ እኛ ከሥራው፣ ከመልኩና ከአኗኗሩ ተነሥተን ስለ እርሱ መናገራችን ነው።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ወደ ደወሌ የሄድሁት መንገድ ነው። ደወሌ ከጅቡቲ ወሰን ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ምድር ባቡር ከባሕር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በርስዋ ያልፍ ነበረ፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ያልፍባታል። ከድሬዳዋ እስከ እርስዋ ድረስ ደግሞ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የክፍያ መንገድ ተሠርቷል። ነገር ግን ባቡሩም መኪናውም የሚመጡት ለደወሌ ብለው ሳይሆን አልፈው ለመሄድ ነውና፣ በዚያች ከተማ ያየሁት የሰው ዋና ሥራ መጠባበቅ ነው። ሹፌሩ ወረቀቱ እስኪታይለት፣ ነጋዴው ዕቃው እስኪፈተሽለት፣ ፈታሹም ተራው እስኪያልቅ ይጠባበቃል። የሚጠባበቅ ሰው ደግሞ ሌላውን ከመመልከት በቀር የሚሠራው ነገር የለውም።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ቢበረታብኝ ከቆርቆሮ ወደ ተሠራች አንዲት ሻሂ ቤት ገባሁ። ስገባ ሲነጋገሩ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዝም አሉ፤ እኔ ግን ዝምታውን ልብ አላልሁትም። ጥግ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ኮፊያ የደፉ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ። በልቤ የፈረድሁባቸውን ሳልደብቅ ልናገር። ሶማሌ ናቸው፤ የሚኖሩትም በወሰን ላይ ነው፤ እንጀራቸው ከኮንትሮባንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ የመንግሥት ወዳጅ አይደሉም፤ ምናልባትም በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሲመጣ በደስታ ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ይሆናሉ አልሁ። ይህን ሁሉ የጨረስሁት ሻሂው ሳይቀዳልኝ ነው።

ሽማግሌው ግን በጥሩ አማርኛ «አንተ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ከራባት ያሰረውን የማያውቁትን እንግዳ «አንተ» ማለታቸው ጥቂት ከነከነኝ። ኋላ ግን በድሬዳዋ አገር ትልቁም ትንሹም እርስ በርሱ «አንተ» እንደሚባባልና፣ በዚያ አገር ሰው አፍ ይህ ቃል ቅርበት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። እንግዲህ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ ያሳፍራል። ሽማግሌው በጨዋታ መካከል በወጣትነታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደ ነበሩ፣ በ1969 ዓ.ም. ደፈጣ ተዋጊዎች የሐዲዱን ድልድዮች ባፈረሱ ጊዜም ከጠገኑት ሰዎች ጋር እንደ ነበሩ ነገሩኝ። እኔም ፍርዴን እንደ ጨርቅ ገልብጬ «እንግዲያስ ለመንግሥት ታማኝ ነበሩ» አልኋቸው። ሳቁብኝ። «እኔ የጠገንሁት ድልድይ ነው። ደመወዜ በወር መጨረሻ ይመጣል፤ ልጆች ነበሩኝ። በዚያ ዓመት በሆዴ የነበረውን ለሚስቴም አልነገርሁ፤ ላንተ ለምን እነግርሃለሁ?» አሉኝ።

በሽርጣቸው ጠላት አድርጌያቸው ነበር፤ በሥራቸው ደግሞ ወዳጅ አደረግኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተናገርሁት እኔ ነኝ እንጂ እርሳቸው አይደሉም።

ይህ አገር ስለ ልብስና ስለ ጥምጥም ትልቅ ነገር የተነገረበት አገር ነው። ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. ብዙ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅጅጋ በኩል ነበረ። ከሶማሌ ባላባቶች ጋር ተቀመጡ፣ እንደ አገሩ ሰው ለበሱ፣ ጠመጠሙ፣ ወደ መስጊድ ገቡ፣ ከእስላም መኳንንት ቤት አገቡ እየተባለ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበረና የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ለጋሲዮኖች ጥምጥሙን የተመለከቱት የቱርክ ወዳጅነት ምልክት አድርገው ነው። መኳንንቱና ካህናቱ ደግሞ ሃይማኖትን ለመለወጥ ምስክር አድርገው ቈጠሩት። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ልጅ ኢያሱ በሌሉበት ከአልጋ ወራሽነት ወረዱ።

እውነቱን ለመናገር መኳንንቱን ያስቈጣ ሌላም ብዙ ነገር ነበረ፤ ሹመትና ሽረት ነበረበት፤ ዋና ከተማን ትቶ መዞርም ነበረበት። ዳሩ ግን በሕዝብ ፊት የቀረበው ማስረጃ በዓይን የሚታየው ነው። እነዚያው ልጅ ኢያሱ ቀድሞ የራስ መንገሻ ዮሐንስን ልጅ ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ኋላም የራስ ኃይሉን ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን አግብተው ነበረ። ከትግሬና ከጎጃም ቤት የተደረገው ጋብቻ መንግሥትን ማጽኛ ተባለ፤ ከእስላም ቤት የተደረገው ግን ሃይማኖትን መካድ ተባለ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ በወሎ ቤት ሁለቱን ሃይማኖቶች በዘመድነት ማወቅ አዲስ ነገር አልነበረም። ልጅ ኢያሱ በልባቸው ምን ያስቡ ነበር? አገሩን በጋብቻና በአንድ ማዕድ ለማሰር ነበርን? ወይስ በእውነት ሃይማኖታቸውን ለውጠው ነበርን? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም፤ እኔም እዚህ ልፈርድ አልተነሣሁም። የምለው ይህን ነው፤ የዛሬ ሊቃውንት መቶ ዓመት ያህል መርምረው ያልቈረጡትን ነገር የዚያን ጊዜ ሰዎች ጥምጥምን አይተው በጥቂት ወራት ቈረጡት። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

የልብሱን ነገር ወደ ሌላው ወገን መልሰን ብናየው ደግሞ ካህናት አንባቢዎቻችን በይበልጥ ያውቁታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተፈለጉ እንዲገደሉ አዘዘ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ማኅበር የሚገናኙ አልነበሩም፤ እንዲያውም ባሕታዊው ጠንቋዩን ይገዝታል፤ አዝማሪው በሁለቱም ላይ ይቀልዳል። ለግራዚያኒ ግን በየአገሩ ዞሮ ለሕዝብ የሚናገር ሰው ሁሉ በሥራው ብቻ ሸፍቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት በደብረ ሊባኖስ የሆነው ደግሞ ለመነገር የሚከብድ ነው። መነኮሳቱ የተገደሉት እያንዳንዳቸው ምን እንዳደረጉ ተመርምሮ ሳይሆን የዚያ ገዳም ሰዎች በመሆናቸው ነው።

እንግዲህ ቆብ ሁሉ አርበኛ ነበረ እንዳንል ደግሞ ታሪክ ይከለክለናል። አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም በ1921 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ጵጵስና የተቀበሉ አባቶች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣልያን ጥይት ተገደሉ፤ አቡነ አብርሃም ግን በጣልያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ተብለው ተሾሙ። ልብሳቸውም ሥራቸውም አንድ ነበረ። ከዚህም ሌላ በጠላት መካከል ተቀምጠው ለአርበኞች ጥይትና ወሬ የሚልኩ «የውስጥ አርበኛ» የተባሉት ነበሩ፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከነዚህ አንድዋ ናቸው። ከነርሱ መካከል በጣልያን ቢሮ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኖ ይውል የነበረውን ጎረቤቱ ሁሉ ባንዳ ነው ብሎ ይተፋበት ነበር። እርሱም ምራቁን ጠርጎ ዝም ይላል፤ ቢናገር ሥራው ይፈርስበታልና።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልቀረም፤ ስሙ ብቻ ተለዋወጠ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተይዛ የካቲት 26 ቀን ነፃ እስክትወጣ ድረስና ከዚያም በኋላ «ሰርጎ ገብ» የሚለው ቃል በዚህ አገር ሽርጥ የታጠቀን ሰው ሁሉ ሊከተለው ይችል ነበር። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ደግሞ ወጣትና የተማረ መሆን፣ ፀጉር ማጐፈርና መጽሐፍ ይዞ መታየት «አናርኪስት» ለመባል በቂ የሆነበት ወራት ነበረ። ጅጅጋ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ያየችው መከራ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። የክልሉ መሪዎች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ሲጣሉ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በቅዳሴ የሚያገለግሉ ካህናት ተገደሉ፣ የነጋዴ ሱቅ ተዘረፈ። እነዚያ ካህናት ስለ ክልሉና ስለ ፌዴራሉ ጠብ ምን ያስቡ እንደ ነበር የጠየቃቸው የለም። በዚያ ቀን መስቀል መያዝና አማርኛ መናገር በአንድ ወገን ላይ እንደ መፈረም ተቈጠረ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ በሌላው ላይ ብቻ እንዳወራሁት አይምሰልህ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መመዘኛ ቡድን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። በዚያ ጊዜ በየቢሮው «አመለካከት» የሚባል ነገር ይመዘን ነበርና የአንድ ወጣት ሠራተኛ ወረቀት በእጄ ገባ። ሥራው ንጹሕ ነበረ። ነገር ግን ጢሙን አሳድጎ ሱሪውን አሳጥሮ ይመጣል፤ ከእኛም ጋር ምሳ አይበላም። ከነዚህ ነገሮች በቀር ስለ እርሱ የማውቀው አልነበረም። በወረቀቱ ላይ «የአመለካከት ችግር ይታይበታል» ብዬ ጻፍሁ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ብዕሩን ለማንሣት እንኳ ጊዜ አልወሰደብኝም። ወጣቱ ለትምህርት ሊላክ ሲገባው ቀረ፤ ሁለት ዓመትም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ኋላ ከአንድ ጓደኛው እንደ ሰማሁት፣ ከእኛ ጋር ምሳ የማይበላው ደመወዙን ለታመመች እናቱ ስለሚልክ ነበር። ሱሪው ስለ ምን አጠረ? አላውቅም። መጠየቅም ይገባኝ እንዳልነበረ የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ምናልባት አንድ ሹም «ታዲያ ሳንጠረጥር ወሰን እንዴት እንጠብቃለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የደወሌ ፈታሽ ጆንያውን ይፍታ፣ ወረቀቱን ይመልከት፣ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ ይያዝ፤ ይህ ሥራው ነው። ኮንትሮባንድ ግን ዕቃ ነው እንጂ አሳብ አይደለም። ስኳር ያለ ቀረጥ ያሳለፈች ሴት ሕግ ተላልፋለች፤ ከዚህ ተነሥቶ የእገሌ ፓርቲ ናት፣ የእገሌ ግንባር ደጋፊ ናት የሚል ፈታሽ ግን በጆንያው ውስጥ ያላገኘውን ነገር በመዝገቡ ላይ አገባ ማለት ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ የፓርቲውን ምልክት በደረቱ ላይ ሲለጥፍ እርሱ ራሱ ነገረን፤ ሂና ግን ምልክት አይደለም፤ ነጠላም ምልክት አይደለም፤ የእኔም ከራባት እንደዚሁ ነው።

ስለ ከራባቴ የነገሩኝ እነዚያው ሽማግሌ ናቸው። ለመሄድ ስነሣ ሰዎቹ ስገባ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ከራባትህን፣ ቦርሳህንና በደረት ኪስህ ያለውን ብዕር አይተው ነዋ። አንዱ የጉምሩክ ነው አለ፤ ሌላው የደኅንነት ነው አለ፤ እኔ አስተማሪ ነው ብያለሁ» አሉኝ። ሦስቱም እንዳልሆንሁ፣ ጋዜጣ እንደማዘጋጅ ነገርኋቸው። «የማን ጋዜጣ?» አሉ። የመንግሥት መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያማ አውቀንሃል» ብለው ወደ ሰዎቹ ዘወር አሉና በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቤቱም ሳቀ። እኔም በልቤ ያለው ሁሉ በጋዜጣው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ነገር ግን ሹፌሩ ጥሩንባ ነፍቶ ይጠራኝ ነበርና ሳልነግራቸው ወጣሁ። የሻሂዬንም ሒሳብ ልከፍል ስል ባለቤቲቱ በሽማግሌው ስም መያዙን ነገረችኝ።