የምእመናን የሃይማኖት ትምህርት
(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)

ከመርካቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ታክሲ ሲጠብቁ፥ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ሲጣራ ሳይሰሙ አልቀሩም። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በዐሥር ክፍለ ከተማ በተከፈለች ጊዜ አንዱ ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ተብሏል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ይህን ቃል በየቀኑ ይጠራዋል፤ በመታወቂያው ላይ ያየዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱ በሚሞላው ቅጽ ላይም በገዛ እጁ ይጽፈዋል።

አንድ ቀን ከትንሹ ልጄ ጋር በዚሁ ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ፥ ልጁ «አባባ፥ ቀራንዮ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ጌታችን የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው» ብዬ መለስኩለት። «ታዲያ ቦታው ለምን ቀራንዮ ተባለ?» ባለኝ ጊዜ ግን ዝም አልኩ። ቃል በመናገር እንጀራውን የሚበላ ሰው፥ በየዓመቱ በስቅለት ዕለት የሚሰማውን አንድ ቃል ለልጁ መፍታት ተሳነው። ከዕፍረት ያዳኑኝ ከአጠገባችን የተቀመጡ፥ ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው። «የራስ ቅል ማለት ነው፥ ልጄ፤ ቃሉ የጽርዕ ነው። የአባታችን የአዳም ራስ ቅል ከዚያ አለ ይላሉ አባቶች» አሉት። ከየት እንዳወቁት ብጠይቃቸው፥ በአጥቢያቸው በሚሰጠው የሠርክ ትምህርት እንደ ተማሩት ነገሩኝ።

የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ቄስ ወይም ዲያቆን ለመሆን ሳያስብ፥ በቢሮም በንግድም በቤቱም ሥራ ላይ ያለ ምእመን ሃይማኖቱን በሥርዓት ስለ መማሩ ነው።

ብዙ ሰው «መምህራኑ እያሉ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዱለታል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሰውም በሥላሴ ማመንን ይመሰክሩለታል። ይህ ታላቅ ቃል ኪዳን ነው። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ ያላነበቡትን ሰነድ አይፈርሙም፤ የበታች ሠራተኛዎ ሳያነብ ፈርሞ ቢያመጣ ይወቅሱታል። ለአንድ ነፍስ ዋስ ሲሆኑ ግን ካህኑ እየመራዎ የሚናገሩት ቃል ምን እንደ ሆነ ሳያውቁት ቀርተው ይሆናል።

ሃይማኖቱን የሚጠይቅና የሚመረምር ምእመን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ሕንደኬ የገንዘብ ሹም፥ በዛሬው አነጋገር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ ሹመቱ ሳያሳፍረው የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ገለጸ። ምእመን ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ትሕትና ይመስለኛል።

በአገራችን ታሪክ ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስን እናገኛለን። ከአውሮፓ የመጡ የካቶሊክ መልእክተኞች ኢትዮጵያውያን የአይሁድን ሥርዓት ይከተላሉ ብለው በነቀፉ ጊዜ፥ ንጉሡ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ስለ ሰንበት አከባበር፥ ስለ ግዝረትና የዕሪያን ሥጋ ስላለመብላት በየተራ አስረዱ፤ ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ሥርዓት የሚፈጸም አለመሆኑንም ገለጹ። ንጉሥ እንጂ የጉባኤ መምህር አልነበሩም፤ ነገር ግን ሲጠየቁ የሚመልሱት ነበራቸው።

ታዲያ ምእመኑ ከትምህርቱ የራቀው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የአብነት ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ እስከ መጻሕፍት ቤት የሚዘልቅ፥ የብዙ ዓመት ጕዞ ነው። ተማሪው ቤተ ሰቡን ትቶ፥ ደበሎ ለብሶና ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ገበሬውና ነጋዴው ይህን ሊያደርግ አልቻለም፤ ቅዳሴውም መጻሕፍቱም በግእዝ ነበሩ። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ጥራዝ የታተመው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ምሥጢሩን በአማርኛ የሚፈቱበት አንድምታ የሚባል ትልቅ ሀብት አለን። መምህሩ የግእዙን ቃል ካነበበ በኋላ አንዱን ፍቺ ይሰጣል፤ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። ለምሳሌ ያህል፥ ቦታው ስለ ምን ቀራንዮ ተባለ ቢሉ፥ የአዳም ራስ ቅል ስላለበት፤ አንድም ኮረብታው ራስ ቅል ስለሚመስል፤ ተብሎ ሊነገር ይችላል። በዚህ አኳኋን የሚማር ሰው አንድ ቃል ብዙ ገጽ እንዳለው ይረዳል፤ ለመፍረድም አይቸኩልም።

ሥራውን ሳይለቅ ለሚማረው ሰው በር የከፈቱ ሰዎች በውጭም በአገር ውስጥም ተነሥተዋል። በግብፅ ሊቀ ዲያቆናት ሐቢብ ጊርጊስ (1876-1951 እ.ኤ.አ.) የሰንበት ትምህርት ቤቶችን በማስፋፋት የቅብጥ ቤተ ክርስቲያንን ምእመናን አነቁ። በጓቲማላ ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መምህራን አዲስ ዘዴ ጀመሩ፤ ተማሪው ከቤቱና ከሥራው ሳይለይ ትምህርቱን በራሱ ያነብባል፤ መምህሩም በየጊዜው ወደሚኖርበት አካባቢ እየመጣ ያወያየዋል። ይህ ዘዴ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

በአገራችን ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን በዝዋይ ወጣቶችን ሰብስበው አስተምረዋል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ባሉት ግቢ ጉባኤያት ተማሪዎችን ያስተምራል። ከአንባብያን መካከል በዚህ ያለፉ ጥቂቶች እንዳልሆኑ አምናለሁ። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች ሥራ በያዙ ማግሥት ደብተሩን አጥፈው ማስቀመጣቸው ነው።

የምእመናን ትምህርት ብዙውን ጊዜ በሚከተሉት ክፍሎች ይሰጣል። መጀመሪያው ትምህርተ ሃይማኖት ሲሆን መሠረቱ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ናቸው፤ እነርሱም ምሥጢረ ሥላሴ፥ ምሥጢረ ሥጋዌ፥ ምሥጢረ ጥምቀት፥ ምሥጢረ ቍርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። ሁለተኛው ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለ ሰባቱ አጽዋማትና ስለ ቅዳሴው አካሄድ ያስረዳል። ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ከኒቅያ (325 እ.ኤ.አ.)፥ ከቍስጥንጥንያ (381) እና ከኤፌሶን (431) ጉባኤያት ጋር የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ስብከት ይይዛል። አራተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነው። መምህርና ጊዜ ሲገኝም ግእዝ ይጨመራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ጥቂት ወራት ተምሮ ካህኑን በዐውደ ምሕረት ለመገሠጽ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የምእመናን ትምህርት ሰውን የሊቃውንቱ ተቀናቃኝ አያደርገውም፤ በሚገባ መጠየቅን ያስተምረዋል እንጂ። ደግሞም በኮልፌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በሐዘን አብሮ ይቀመጣል፥ በደስታም ይጠራራል። የራሱን ሃይማኖት በውል የሚያውቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ረጋ ብሎ ይነጋገራል፤ ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ካጣ ሰው ነው።

ሌላው መሰናክል ዕፍረት ነው። ጠጕሩ የሸበተ የመምሪያ ኃላፊ ከወጣቶች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ መማር ይከብደዋል። የሥራው ድካምም ቀላል አይደለም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁሉን ለመያዝ አይሞክሩ። ወደ አጥቢያዎ ሰበካ ጉባኤ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደው ጉባኤው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ በሳምንት አንድ ማታ ለዚሁ ይለዩ፤ ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ ያልገባዎትን ጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩን ይጠይቁ። ወደ ቤትዎ ሲመለሱም የሰሙትን ለልጆችዎ ይንገሩ፤ ለሌላ የተነገረ ትምህርት በቶሎ አይረሳምና።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር ገዝቼ መማር ጀምሬአለሁ። ልጄ አሁንም ይጠይቃል፤ ሁሉን መመለስ አልቻልኩም። ነገር ግን «ቈይ፥ ማታ መምህሩን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ለማለት በቅቻለሁ፤ እርሱም የጉባኤው ዕለት በደረሰ ቍጥር እንዳልቀር ያስታውሰኛል።