የመረብ ኳስና የልደት ቀን

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ባንክ ይሁን እንጂ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩ ቤቶች ነው።

ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ሰፈር ባለ አንድ ሜዳ ላይ ወጣቶች መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ከሜዳው ዳር አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። የመጡት ከምንጃር ነው። ልጃቸው አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። እርሱን ሊጠይቁ መጥተው ነው።

ልጁ ረጅም ነው። ሲዘል ክንዱ ከመረቡ በላይ ይታያል። ኳሷን ሲመታት ድምፁ ሩቅ ይሰማል። አባት፣ “ይኼ ልጅ መቼ እንዲህ አደገ?” ብለው ተደነቁ።

ጨዋታው ሲያበቃ አሠልጣኙ ወደ እርሳቸው መጣ።

“አባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው። ለወጣቶች ውድድር ላስመዘግበው እፈልጋለሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ያምጡልኝ” አላቸው።

“ኧረ ወረቀት የለውም።”

“መቼ ተወለደ?”

“ጤፍ እየተወቃ ነዋ! ገብርኤል አልፎ፣ ገና ሳይደርስ።”

“ዓመቱስ?”

“ሚሊኒየሙ ሲከበር ይድኽ ነበር።”

አሠልጣኙ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም፣ “እኔስ አምንዎታለሁ፤ መዝገቡ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል” አላቸው።

ለኳስ ጨዋታ የልደት ቀን ምን ያደርጋል? አንባብያን ሆይ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መረብ ኳስ እንዴት ያለ ጨዋታ ነው?

መረብ ኳስን የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በአገሩ ወወክማ የስፖርት መምህር ነበር። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1895 ነው። እኛ አድዋ ላይ ድል ከማድረጋችን አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ሜዳው 18 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት አለው። በመካከሉ መረብ ይወጠራል። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። በያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ።

ኳሷን ይዞ መቆየት አይፈቀድም። አንድ ሰው ደጋግሞ ሊመታትም አይችልም። አንዱ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ያመቻቻል፤ ሦስተኛው ወደ ወዲያኛው ሜዳ ይመታል። ከሦስት ጊዜ በላይ መንካት ጥፋት ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ቀድሞ 25 ነጥብ ያገኘ ቡድን አንዱን ዙር ያሸንፋል። ነገር ግን ቢያንስ በሁለት ነጥብ መብለጥ አለበት። ሦስት ዙር ያሸነፈ ቡድን ጨዋታውን ይረታል። ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛ ዙር ይጫወታሉ። ያ ዙር በ15 ነጥብ ያልቃል።

በአገራችን መረብ ኳስ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይዘወተራል። ከፋብሪካ ሙገር ሲሚንቶ፣ ከወላይታ ደግሞ ወላይታ ድቻ በዚህ ጨዋታ ስማቸው የታወቀ ቡድኖች ናቸው። የጎረቤታችን የኬንያ ሴቶች እስከ ኦሎምፒክ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ተጫውተዋል። እነርሱም የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው።

የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና

አገሮች ወጣቶቻቸውን ልከው የሚወዳደሩበት የመረብ ኳስ ሻምፒዮና አለ። ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች የሚወዳደሩበት በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያዘጋጀችው አፍሪካዊቷ ቱኒዚያ ነበረች። ዋንጫውን የወሰደችው ኢጣልያ ናት። በ2025 ደግሞ ውድድሩ በኡዝቤኪስታን ከተማ በታሽኬንት ተደረገ።

በዚህ ውድድር ዕድሜ በጥብቅ ይጠየቃል። የ16 ዓመት ልጅና የ22 ዓመት ጎልማሳ አንድ አይደሉም። ጎልማሳው ይረዝማል፤ ይጠነክራል፤ ከፍ ብሎ ይዘላል። ዕድሜውን ደብቆ ከልጆች ጋር ቢሰለፍ የአንዱን ልጅ ቦታ ይቀማል። ስለዚህ የተጫዋቹ ፓስፖርት ይታያል። በእግር ኳስማ ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ዋንጫ፣ ከ2009 ጀምሮ የተጫዋቾች የእጅ አንጓ በመሣሪያ ይመረመራል። አጥንቱ ዕድገቱን መጨረስ አለመጨረሱ ይታያል።

የአንድ ቀን ልዩነት

የ2025ቱ ውድድር ሕግ እንዲህ ነበር። መጫወት የሚችለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ በአንድ ቀን ምክንያት ይቀራል። ታኅሣሥ 23 የተወለደ ይገባል።

አሁን ወደ ምንጃሩ አባት እንመለስ። “ገብርኤል አልፎ፣ ገና ሳይደርስ” ብለዋል። ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ነው። ገና 29 ነው። መለያው ቀን 23 በመካከል ይወድቃል። እንግዲህ ልጁ በዚያ ሕግ ይገባል ወይስ አይገባም? ከአባትየው ቃል ማወቅ አይቻልም።

በሌላው ቤትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ፣ “ረመዳን ሊገባ ሲል ተወለደች” ይላል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። ዓመቱ ካልታወቀ ወሩም አይታወቅም።

አባት አገራቸው ሲገቡ ባለቤታቸውን ጠየቁ። እናት አልረሱም። “ክርስትና የተነሣው በአርባ ቀኑ፣ የየካቲት አቦ ለት ነው” አሉ። አቦ ወር በገባ በ5 ነው። አባት ባለፈው ክረምት ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ደብተር አውጥተው ወደ ኋላ ቆጠሩ። ከየካቲት 5 ቀን፣ ጥር 30 ቀን፣ ከታኅሣሥ 5 ቀን፤ ድምሩ 40 ቀን። ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ 26 ነው! ከመለያው ቀን በሦስት ቀን ይተርፋል።

ግን ምን ያደርጋል? የእናት ትዝታ እውነት ቢሆንም ወረቀት አይደለም። ማስረጃው እስኪገኝ አሠልጣኙ ያሰበው የውድድር ምዝገባ ተዘጋ። ልጁ በዚያ ዓመት ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ኳስ አቀባይ ሆነ።

ለታናሿ ተጻፈ

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አዋጁ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ብሎ ነበር። ይህ ልጅ ግን የተወለደው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው።

በሚያዝያ 2017 ለእነዚህ አባት ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ያን ቀን ማታ ደብተራቸውን አወጡ። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በእጃቸው ጻፉ። ወሩ ሳይሞላ ወደ ቀበሌ ሄዱ። ወረቀቱን ሲቀበሉ አጥፈው ኪሳቸው አልከተቱትም። ቆመው አነበቡት። 12 ተብሎ የሚጻፈው 21 ሆኗል። “ይኼ ቁጥር ተገላብጧል፤ ልጄ የተወለደችው በ12 ነው” አሉ። ወዲያው ታረመላቸው።

ሕፃኗ መረብ ኳስ ትጫወት አትጫወት ማን ያውቃል? ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ዕድሜዋ ይጠየቃል። ያለ ዕድሜዋ ልዳራት የሚል ቢመጣም ወረቀቱ ይመሰክርላታል። አንድ ቀን በአገሯ ስም ልትሰለፍ ብትጠራ፣ እንደ ወንድሟ ዳር አትቀመጥም።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተስ? የልጆቻችሁን የልደት ቀን ዛሬ ማታ በደብተር ጻፉ። ያላስመዘገባችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ስትቀበሉ አንብቡት። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ለማስታወስ

የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያን ለመለወጥ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ጨምሩ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ለተወለደ 8 ጨምሩ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ መለያው ቀን ታኅሣሥ 22 ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. አንድ ቡድን ኳሷን ስንት ጊዜ ብቻ ይነካል?
2. ታኅሣሥ 22 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ ታሽኬንት ላይ መጫወት ይችል ነበርን?
3. አባትየው ወረቀቱን ባያነቡት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
4. የእናንተ ልጅ የተወለደበት ቀን፣ ወርና ዓመት መቼ ነው? ጻፉት።