ባትሪው ከመከሰሱ በፊት

አሮጌ ሞተር ሳይክል ክላክሱ ማንቋረር ሲጀምር፣ ፍሬቻው ብልጭ ማለቱን ትቶ ደንዝዞ ሲቀር፣ የመጀመሪያው ተከሳሽ ባትሪው ነው። ባለቤቱ ገንዘብ አፈላልጎ አዲስ ይገዛል። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ነገር ይሰምራል፤ ከዚያ ያው በሽታ ይመለሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ጥፋት የሚከፍል ዕቃ ነው። መሙያው ሥራውን ካልሠራ ወይም ያለ ልክ ከሞላው፣ አዲስም ቢሆን መሞቱ አይቀርም።

ሲስተሙ ራሱ ቀላል ነው። በሞተሩ ጎን ካለው ክዳን ሥር፣ ማግኔት የተገጠመለት ክብ ብረት ከክራንክሻፍቱ ጋር ይሽከረከራል። በአጠገቡ የማይንቀሳቀሱ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ማግኔቱ ባለፈባቸው ቁጥር ኤሲ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ባትሪ ግን የሚቀበለው ዲሲ ብቻ ስለሆነ፣ ጎድን ጎድን ያለው ትንሽ የአሉሚኒየም ሣጥን በመሐል ይገባል። ሬጉሌተሩ እሱ ነው። ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጣል፤ ቮልቴጁም ከልኩ እንዳያልፍ ይገታል። በብዙ ሞተሮች ላይ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ነው የሚያጠፋው። ጎድኖቹ ነፋስ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በጭቃ ከተለሰኑ ወይም ከዕቃ መጫኛው ሥር ከታፈኑ ሣጥኑ ይቃጠላል።

የገጠር ባለሙያዎችን ሲያመላልሱ የኖሩትን ያማሃ ዲቲዎችና መሰሎቻቸውን የሚያውቅ ሰው አንድ ጠባያቸውን ልብ ብሏል፦ ባትሪው ፈጽሞ ቢሞት እንኳ በእግር ሲረገጡ ይነሣሉ። ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ለእሱ ከተለየ ጥቅል ነውና። በብዙዎቹ የፊት መብራቱም በቀጥታ ከጥቅሉ ይመገባል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይደምቃል፣ በሚኒሞ ሲቆም ይደበዝዛል። ስለዚህ መሣሪያ ከመያዝ በፊት አብረው የጠፉት የትኞቹ እንደሆኑ ማስተዋል ግማሽ ሥራ ነው። ክላክስና ፍሬቻ አብረው ደክመው የፊት መብራቱ ደህና ከሆነ፣ ጉዳዩ በባትሪውና በመሙያው መስመር ላይ ነው። ሁሉም በአንዴ ድርግም ካለ ፊውዙን፣ ቁልፉንና ከሻሲው ጋር የሚታሰረውን የማሳ ሽቦ አስቀድሙ።

ከዚያ በኋላ መለኪያ ያስፈልጋል። ርካሽ ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ከሆነ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ 12.0 ላይ ከወረደ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ባለ 6 ቮልት ለሆኑት የቆዩ ሞተሮች ቁጥሩን በግማሽ ማሰብ ነው። ባዶ ባትሪ ምርመራውን ሁሉ ስለሚያሳስት መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ በደቂቃ ወደ 5000 ዙር እስኪደርስ ነዳጅ መስጠት። በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ ከታየ ሲስተሙ ጤነኛ ነው። 12.4 ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ ከወረደ እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ አልገታም ማለት ነው፤ የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፣ አምፖል በየጊዜው ይቃጠላል፣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታም ይመጣል።

አልሞላም ባለው ሞተር ላይ ብዙ መካኒክ ወዲያው ሬጉሌተሩን ይለውጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የሽቦ መገጣጠሚያውን ነው። ከጥቅሎቹ የሚመጡት ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገናኙበትን የፕላስቲክ ሶኬት ነቅላችሁ ተመልከቱ። ነጭ የነበረው ቡናማ ሆኖ፣ አንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን ቀልጦ፣ በውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ታገኙት ይሆናል። ከሬጉሌተሩ ወደ ባትሪው በሚሄደው መስመር ላይ ያለውን ጥፋት ደግሞ በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ዘዴ አለ፦ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሬጉሌተሩ የዲሲ መውጫ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ማድረግ። የሚታየው ቁጥር በመንገድ የጠፋው ቮልት ነው። ከ0.2 ወይም 0.3 በላይ ከሆነ መስመሩ ታሟል። ከሬጉሌተሩ 14.2 ወጥቶ ባትሪው ዘንድ 12.9 ከደረሰ፣ የቀረው 1.3 ቮልት የሆነ ቦታ ሶኬት እያቃጠለ ነው። በማሳው በኩልም ከሬጉሌተሩ አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ እንዲሁ ይለካል። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ሻሲ ላይ የታሰረ ማሳ ስንቱን ሬጉሌተር ያለ ኃጢአቱ አስጥሏል! ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግና መልሶ ማጥበቅ ነው።

መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ ጥቅሎቹ መሄድ ነው። ሦስት ሽቦ ባላቸው ሞተሮች ሶኬቱ ተነቅሎ ሞተሩ እየሠራ፣ ቴስተሩ በኤሲ ላይ ሆኖ ሁለት ሁለቱ ይለካሉ። ሦስቱም ንባብ መመሳሰል አለበት፤ አንዱ በጣም ካነሰ ጥቅሉ ተቃጥሏል። ሞተሩ ጠፍቶ ደግሞ ከነዚህ ሽቦዎች አንዱም ከአካሉ ጋር መገናኘት የለበትም። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ግን የጥቅሉ አንድ ጫፍ ሆን ተብሎ ከማሳ ጋር ይታሰራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ጥቅል «ኮንታክት አድርጓል» ብሎ ያስጥላል። ጥቅሎቹ ደህና ሆነው፣ መስመሩም ጸድቶ ካልሞላ፣ አሁን ሬጉሌተሩን መክሰስ ይቻላል።

የቆየ ትራያምፍ ወይም ቢኤስኤ ያጋጠመው ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ከነዚህ የእንግሊዝ ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ ማሳው ፖዘቲቩ ነው። ባትሪውን እንደ ለመደው የገጠመ፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠውን የሬክቲፋየር ዳዮዶች በአንድ ጊዜ ያቃጥላል።

በመጨረሻ፣ «ዲናሞው መሥራቱን ልይ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ የሚነቅል መካኒክ ቢያጋጥማችሁ እጁን ያዙት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ያለ ልክ ይዘላል፤ ደህና የነበረው ሬጉሌተርና አምፖልም በዚያው ይሄዳል።