በብርድ ወራት ስለሚጋገር የፖም ጣፋጭ

ዛሬ የምንነጋገረው እንግሊዞች «ክራምብል» ስለሚሉት፣ በትኩሱ ስለሚበላ የፍራፍሬ ጣፋጭ ነው። ይህ ምግብ በሰፊው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በብሪታንያ ቅቤና ስኳር እ.ኤ.አ. ከጥር 1940 ጀምሮ በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ ፍራፍሬውን በሊጥ ሸፍኖ ለመጋገር የሚበቃ ቅቤ ከየቤቱ አይገኝም ነበር። እመቤቶችም በሊጡ ፈንታ ጥቂት ፍርፋሪ እየነሰነሱ ጣፋጩን ከማዕዳቸው ሳያጠፉ ያን ክፉ ዘመን ተሻገሩ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ፖም ልጦ፣ የመሐሉን ዘር አውጥቶ፣ በስሱ ቆርጦ በመጋገሪያ ሳሕን መደርደር፤ 200 ግራም የስንዴ ዱቄት ከ100 ግራም የገበታ ቅቤ ጋራ በጣት ጫፍ እየፈተጉ ፍርፋሪ ማድረግ፤ 100 ግራም ስኳር ጨምሮ፣ ሳይጫኑ፣ በፖሙ ላይ መነስነስ፤ ከዚያም በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ40 እስከ 45 ደቂቃ መጋገር ነው።

ቅቤው ግን ቀዝቃዛ ይሁን። ከቀለጠ ዱቄቱን ሊጥ ያደርገዋል፤ ከቀዘቀዘ ግን በዱቄቱ መካከል በጥቃቅኑ ይቆይና በምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ላዩ ፍርፍር ይላል። ስለዚህ የወጥ ቤት ብርድ ለዚህ ሥራ ረዳት ነው እንጂ እንቅፋት አይደለም።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ፖም ቶሎ አይለሰልስም። ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ እንዳይቀር፣ አስቀድሞ በጥቂት ውሃ ገንፈል ማድረግ ይበጃል።

የብሪታንያ የምግብ ራሽን በ1954 አበቃ፤ በችግር ቀን የተለመደው ብልኃት ግን እስከ ዛሬ ከማዕዳቸው አልተለየም።